ልጃችንን ማን ይያዝልን?

በዛሬው ጽሑፋችን ትንሽ ልጅ ይዘው ከክፍለ ሀገር ወደ አዲስ አበባ ስለሚገቡ ባልና ሚስት እንነጋገራለን። አንዳንዶቻችሁ ዘንድሮ የገባችሁ ናችሁ። አንዳንዶቻችሁ ገና ዕቃ እያሰራችሁ ነው። ሌሎቻችሁ ደግሞ ከገባችሁ ብዙ ጊዜ ስለሆናችሁ የመጀመሪያው ዓመት እንዴት እንዳለፈ ረስታችሁት ይሆናል። ለሦስታችሁም የምንለው አለን።

እስቲ አንድ ባልና ሚስት በዐይነ ኅሊናችን እንመልከት። የሚኖሩት አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ነው። የአንድ ዓመት ተኩል ሴት ልጅ አለቻቸው። ባልየው አዲስ አበባ ውስጥ የተሻለ ሥራ ያገኛል። ዘመድ ይመርቃቸዋል፣ ምእመናን ጸልየው ይሸኟቸዋል። ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ቤት ይከራያሉ። የባልየው መሥሪያ ቤት ሜክሲኮ ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ሳይሞላ ወጥቶ፣ የታክሲ ሰልፉን ችሎ፣ ቤቱ የሚደርሰው ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ነው። ሚስቱ ቀኑን ሙሉ ከልጅቷ ጋር ብቻዋን ትውላለች።

ሦስት ወር ሳይሞላ በዚህ ቤት ጭቅጭቅ ይጀምራል። እርሱ፣ “እኔ በሰልፍና በግፊያ እየተሰቃየሁ አንቺ ቤት ተቀምጠሽ ምን ያማርርሻል?” ይላል። እርሷ፣ “አንተ እንኳ ሰው ታያለህ፤ እኔን ማን አየኝ?” ትላለች። እርሱ ደክሞ ዝም ሲል፣ እርሷ ዝምታውን እንደ ንቀት ትቆጥረዋለች። እርሷ ስታለቅስ፣ እርሱ እንባዋን እንደ ወቀሳ ይወስደዋል። ሁለቱም በትዳራቸው አንድ ነገር የተበላሸ ይመስላቸዋል።

እንደዚህ ያለ ቤት ውስጥ ላላችሁ በመጀመሪያ ልንነግራችሁ የምንፈልገው፣ አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸው ትዳራችሁ አለመሆኑን ነው። የጎደላችሁ ነገር አለ፤ የጎደለውንም በስሙ መጥራት ያስፈልጋል።

እጆቹን ቁጠሩ

አንድ ምሽት ልጅቷ ከተኛች በኋላ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። በቀድሞ ከተማችሁ ልጃችሁን በሳምንት ውስጥ ይይዙላችሁ የነበሩትን ሰዎች ሁሉ በስም ጻፉ። አያት አለች። አክስት አለች። ግቢ የምትጋሩት እናት፣ ቡና ሲፈላ ልጅቷን ከእጃችሁ ተቀብላ ጀርባዋ ላይ የምታዝላት ጎረቤት፣ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የሚያጫውቷት የጎረቤት ልጆች፣ ለአምስት ደቂቃ “አደራ፣ እያት” ብላችሁ የምትተዉባት የሱቅ ባለቤት አሉ። ብዙዎቻችሁ ከስምንት እስከ አሥር ስም ሳትቸገሩ ትጽፋላችሁ።

ከጎኑ ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ ልጃችሁን የሚይዙላችሁን ጻፉ። ሁለት ስም ይሆናል፤ የእርሱና የእርሷ። እርሱ ሰርክ መንገድ ላይ ስለሆነ የቀረችው አንዲት ሴት ናት።

እነዚያን እጆች ማንም ቀጥሮ አላመጣቸውም፤ ደመወዝም አይከፈላቸውም ነበር። ስለዚህ ሲጎድሉ ምን እንደጎደለን አናውቅም። ስለ ቤት ኪራይ ለወራት አስበናል፤ ስለ ደመወዙ ተደራድረናል፤ ስለ እጆቹ ግን ማንም አላነሣም። አሥር ሰው ይሸከመው የነበረውን ሸክም ሁለት ሰው ሲሸከመው ይደክማል፤ የደከመ ሰው ደግሞ አጠገቡ ባለው ላይ ይነጫነጫል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ዓመት ዋና ሥራችሁ ይህ ነው፦ ልጃችሁን በስሟ የሚያውቁ፣ እርሷም የምታውቃቸው ሦስት ወይም አራት ሰዎች ማፍራት። በቀድሞ ከተማችሁ ይህ በራሱ የመጣ ነበር። እዚህ ግን አስባችሁበት፣ ጊዜ ሰጥታችሁት፣ ደጅ አንኳኩታችሁ የምትሠሩት ነው።

ቤቱን ለልጅ ማዘጋጀት

እጆቹ እስኪገኙ ድረስ ልጅቷን የሚጠብቃት ቤቱ ራሱ ስለሆነ፣ ስለ ቤቱ ጥቂት እንበል።

አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ከቆላ የመጣ ቤተሰብ በመጀመሪያው ክረምት ብርዱ ይከብደዋል። በዚህ ጊዜ ብዙዎች የሚፈተኑበት ነገር የቡናውን ከሰል እሳት መኝታ ቤት አስገብቶ በርና መስኮት ዘግቶ መተኛት ነው። ይህን ፈጽሞ አታድርጉ። የከሰል እሳት የሚያወጣው መርዛማ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛን ቤተሰብ ሳይቀሰቅስ ይገድላል። ልጅቷን በልብስ ደራርቡላት፤ ከሰሉ ግን ውጭ ይደር።

ሁለተኛው ውኃ ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሁሉም ሰው በርሜልና ባልዲ ሞልቶ ያስቀምጣል። መራመድ የጀመረ ሕፃን ባልዲ ውስጥ በጭንቅላቱ ከተደፋ ራሱን ማውጣት አይችልም፤ ጥቂት ውኃ ይበቃል። ሁሉም ክዳን ይኑረው፤ ባልዲው ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ሦስተኛው በረኪና ነው። በሃይላንድ ጠርሙስ የተቀዳ በረኪና ለልጅ ውኃ ይመስለዋል። አራተኛው በረንዳው ነው። በረንዳ ላይ ልጅ ልትወጣበት የምትችል በርጩማ፣ ሣጥን ወይም ጀሪካን አይኑር።

አምስተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው፤ ፀሐይ። ሲቀላ እያለች ልጅቷ ቀኑን ሙሉ ግቢ ውስጥ ስትሮጥ ፀሐይ ታገኝ ነበር። አራተኛ ፎቅ ላይ ተዘግቶባት የምትውል ልጅ ግን ቤቱ ምንም ያህል ብርሃን ቢኖረው ፀሐይ አታገኝም፤ ቫይታሚን ዲ እንድናገኝ የሚረዳን ጨረር በመስተዋት አያልፍምና። ሪኬትስ የሚባለው የልጆች አጥንት የመለስለስና እግር የመንጋደድ ችግር በአገራችን የፀሐይ እጦት ሳይኖር ቤት ውስጥ ተደብቀው በሚያድጉ ልጆች ላይ ይታያል። ስለዚህ በየቀኑ ወደ ታች ውረዱ። አራት ፎቅ ልጅ ይዞ መውጣትና መውረድ ያደክማል፤ እናውቃለን። ነገር ግን ይህ መውረድ ሁለት ጥቅም አለው። ልጅቷ ፀሐይ ታገኛለች፤ እናንተ ደግሞ ሰው ታገኛላችሁ። በብሎኩ ሥር ከጠዋቱ 3 እና 4 ሰዓት ላይ ልጆቻቸውን ይዘው የሚቆሙት እናቶች የነገዎቹ እጆች ናቸው።

ስልክና ቴሌቪዥን ልጅ ዝም ስለሚያሰኙ ብቻቸውን ለሚውሉ እናቶች ትልቅ ፈተና ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ሁለት ዓመት ላልሞላቸው ልጆች ስክሪን እንዳይሰጥ፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉትም በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ መክሯል። ከ1 እስከ 4 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን ውስጥ በተለያየ ጊዜ በድምሩ ቢያንስ 3 ሰዓት ያህል መንቀሳቀስ ይገባቸዋል። ምግብ እየሠራችሁ ድስትና ማንኪያ ብትሰጧት ከስልኩ የተሻለ ትጫወታለች፤ ጩኸቱን ግን መቻል ነው።

ከመነሣታችሁ በፊት

ገና ዕቃ እያሰራችሁ ያላችሁ፣ ሦስት ወረቀት ከዕቃው ጋር አታሽጉ፤ በእጃችሁ ያዙ። የልጅቷ የክትባት ካርድ፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ እና የእናንተ የነዋሪነት መሸኛ። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የሕፃናት ክትባት በነፃ ስለሚሰጥ፣ በገባችሁ በመጀመሪያው ሳምንት በአቅራቢያችሁ ያለውን ጤና ጣቢያ ፈልጋችሁ ካርዱን አሳዩ። በዝውውር መካከል ብዙ ጊዜ የሚዘለለው በ9 ወርና በ15 ወር የሚሰጠው የኩፍኝ ክትባት ነው። ልጅቷ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰች፣ ስትተነፍስ ደረቷ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃታት፣ ወይም ካንቀጠቀጣት ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907፣ የከተማዋ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ ቁጥር 939 በር ላይ ተጽፎ ይለጠፍ።

ስለ ኪራይም አንድ ነገር እንበል። በየስድስት ወሩ ቤት የሚቀይር ቤተሰብ ጎረቤት አያፈራም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያም ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል። ውላችሁን በቃል አትተዉት። ሁለት ዓመት አንድ ደረጃ መውጣትና መውረድ ለልጅቷ ትልቅ ነገር ነው።

“ለአያቷ እንላካት?”

ድካሙ ሲበረታ ከብዙ ቤቶች የሚነሣው ሐሳብ ይህ ነው። “እስክንደላደል ለአያቷ እንላካት።” ሐሳቡ ከክፋት የሚመጣ አይደለም። አያት ትወዳታለች፤ ግቢውም ሰፊ ነው። አንዳንድ ጊዜ፣ በሕመም ወይም በከባድ ችግር፣ ሌላ መንገድ ላይኖር ይችላል። በዚህ ምክንያት ልጁን የላከን ማንም አይፍረድበት።

ይሁን እንጂ ከመወሰናችሁ በፊት ነገሩን ከልጅቷ በኩል ተመልከቱት። የአንድ ዓመት ተኩል ልጅ “ለስድስት ወር” ማለት ምን እንደሆነ አታውቅም። ለእርሷ እናት ሄደች፣ አልተመለሰችም፤ ያ ብቻ ነው። መጀመሪያ ታለቅሳለች፤ ቀጥላ ዝም ትላለች፤ ዝምታዋን ሰው “ለመደች” ይለዋል። “እስክንደላደል” የተባለው ስድስት ወር ደግሞ ዓመት፣ ዓመቱም ሁለት ዓመት ይሆናል። በመጨረሻ ስትመጣ እናቷን በስም የምትጠራ፣ ማታ አያቷን እየጠራች የምታለቅስ ልጅ ትሆናለች። ያን ጊዜ ሦስቱም፣ ልጅቷ፣ እናትየዋና አያቲቱ፣ ይጎዳሉ።

ስለዚህ ከቻላችሁ ነገሩን ገልብጡት። ልጅቷ ወደ አያቷ ከምትሄድ አያቷ ወደ እርሷ ትምጣ። አራስ ልጃቸውን ለማረስ ሁለትና ሦስት ወር የሚቀመጡ እናቶች ባሉበት አገር፣ ለዝውውሩ የመጀመሪያዎቹ ወራት እንዲመጡ መለመን አያሳፍርም። “እማዬ፣ እንደ አራስ ቁጠሪኝና ነይልኝ” በሉ። እርሳቸው መምጣት ካልቻሉ የእናት ወይም የአባት ታናሽ እኅት ትምጣ። ልጅቷን መላክ የግድ ከሆነ ደግሞ የምትመለስበትን ቀን ወስናችሁ ጻፉት፤ እስከዚያም በየጊዜው ሂዱና እዩዋት።

ሠራተኛዋም እንግዳ ናት

ሥራ ላላት እናት የወሊድ ፈቃዱ የሚያልቅበት ቀን ቀጠሮ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ይፈቅዳል። ሦስት ወር ሲሞላ ልጁን ማን ይያዝ? በርካታ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ ከፍተዋል፤ በእናንተም መሥሪያ ቤት እንዳለ ጠይቁ። ማቆያ ያለው በባልየው መሥሪያ ቤት ከሆነ ልጁን ይዞ መሄድ ለአባት ነውር አይደለም። በሚኒባስ ስትሄዱ ግን ልጅ ታቅፋችሁ ጋቢና አትቀመጡ፤ ከኋላ ተቀመጡ።

አብዛኞቻችን ግን የምንደገፈው በቤት ሠራተኛ ነው። ይህችም ልጅ ብዙ ጊዜ ከገጠር የመጣች፣ ከተማውን ከእናንተ በኋላ ያየች፣ ራሷም ገና ልጅ የሆነች ናት። ልጅን በልጅ ማስጠበቅ ሁለቱንም መበደል ነው፤ ዕድሜዋ ያልደረሰችውን አትቅጠሩ። የደረሰችውንም በመጡበት ቀን ሕፃን አስይዞ መውጣት ተገቢ አይደለም። ቢያንስ ሁለት ሳምንት አብራችኋት ዋሉ። የከሰሉን፣ የባልዲውንና የበረኪናውን ነገር አሳዩአት። ስልክ ቁጥራችሁን፣ የአንድ ጎረቤትም ስልክ ስጧት። ደመወዟን በቀኑ ክፈሉ፤ ዕረፍት ስጧት፤ የማታ ትምህርት መማር ከፈለገች አታስቀሯት። እናቷን በስልክ እንድታነጋግር ፍቀዱላት። የተከፋች ልጅ ልጃችሁን ደስ ልታሰኝ አትችልም። ሌላ ምክንያት ባይኖር እንኳ፣ የእርሷም እናት “ልጄን ማን ይያዝልኝ?” እያለች ነው።

ባልና ሚስት በምሽት

ወደ ቦሌ አራብሳው ቤት እንመለስ። እጆቹን ከቆጠሩ በኋላ ጭቅጭቁ ወዲያው አይጠፋም፤ አቅጣጫው ግን ይለወጣል። “አንተ” እና “አንቺ” ይቀርና “ሰው አነሰን” ይሆናል።

ባሎች ሆይ፣ ቤት ስትደርሱ የመጀመሪያዎቹን ሃያ ደቂቃዎች ልጅቷን ተቀበሉ። ደክሟችኋል፤ ነገር ግን እርሷ ከጠዋት ጀምሮ እጇን አላሳረፈችም። በሳምንት አንድ ግማሽ ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቢሆን፣ ልጅቷን ይዛችሁ እርሷ ብቻዋን ትውጣ። ገበያ አትላኳት፤ ዕረፍት ይሁንላት። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት በየመንገዱ ዳር የእግረኛ መንገዶችና የልጆች መጫወቻዎች ተሠርተዋል፤ አባትና ልጅ ያለ ወጪ መዋል ይችላሉ።

ሚስቶች ሆይ፣ እርሱ የሚያየው ሰው ሁሉ ወዳጁ አይደለም። በሰልፍ መካከል የቆመ ሰውም ብቸኛ ሊሆን ይችላል። እርሱም እናቱንና ጓደኞቹን ትቶ መጥቷል፤ የሚነግረው ሰው ግን የለውም። ጠይቁት።

ሁለታችሁም በቤታችሁ ቋንቋ ከልጅቷ ጋር መነጋገራችሁን አትተዉ። ጋሞኛ የምትሰማ ልጅ ወደ አማርኛ ሰፈር ስትመጣ ለጥቂት ጊዜ ዝም ልትል ትችላለች። አትደንግጡ። ልጅ ሁለት ቋንቋ ይበዛባታል ተብሎ አያቷን የምታነጋግርበት ቋንቋ መቀማት የለባትም። አማርኛውን ከጨዋታ ታመጣዋለች።

ደጁ ላይ የተቀመጡት

አሁን ለነባሮቹ የከተማው ነዋሪዎች እንናገር። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል እንላለን። አዲስ ገቢው ቤተሰብ ግን ጎረቤቱን የት ያግኘው?

ለአዲስ ገቢዎች ምክራችን አጭር ነው። ዕድር ግቡ፤ “መቼ እንደምንለቅ አናውቅም” አትበሉ። ከአጥቢያችሁ የአባልነት መሸኛ ደብዳቤ ይዛችሁ ኑ። በስም የምታውቁትን ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ፍለጋ ልጅ ይዛችሁ ከተማውን ከምታቋርጡ፣ ምእመኑ በእግሩ ደጃችሁ ሊደርስ የሚችልበትን ቅርብ አጥቢያ ምረጡ። የቤት ለቤት ኅብረቱ በየትኛው ብሎክ እንደሚደረግ ጠይቁ።

እናንተ ነባሮች ደግሞ እሑድ ጠዋት ዞር ብላችሁ ተመልከቱ። ከበሩ አጠገብ፣ ልጅ ካለቀሰ ቶሎ ለመውጣት የተቀመጠች እናት አለች። ልጇ ድምፅ ሲያሰማ ፊቷ ይቀላል። አስተናጋጁ በእጁ ምልክት ሲያሳያት ወደ ውጭ ትወጣለች፤ ስብከቱ እስኪያልቅ ግቢ ውስጥ ትቆማለች፤ ማንም ስሟን ሳይጠይቃት ትሄዳለች። ሦስት እሑድ እንዲህ ከሆነ በአራተኛው አትመጣም። ይህች ሴት ለሳምንት ሙሉ ከትልቅ ሰው ጋር ለመነጋገር የነበራት ዕድል ያ ጠዋት ነበር።

በመጽሐፈ ሩት መጨረሻ ላይ ሩት የወለደችውን ልጅ ኑኃሚን ታቅፋ ታሳድገዋለች፤ ስም የሚያወጡለት ደግሞ የጎረቤት ሴቶች ናቸው። ሩት በዚያች ከተማ መጤ ነበረች። ልጇ ግን ብዙ እጅ ነበረው።

እንግዲህ ከእናንተ የሚፈለገው ትልቅ ነገር አይደለም። በመጪው እሑድ አንዲት እናት ዘንድ ሂዱና፣ “ልጅሽን ስጪኝ፤ አንቺ ግቢና ስሚ” በሏት። ልጅቷ መጀመሪያ ታለቅስ ይሆናል፤ እናትየዋን በዐይኗ እስክታያት ድረስ ደጁ አጠገብ ቁሙ። ስሟን ጠይቁ፤ ብሎካቸውንም ጠይቁ። በሳምንቱ መካከል ለቡና ጥሯቸው፤ ባልየውንም አትርሱት። እናንተም አዲስ የገባችሁ፣ እንዲህ የሚላችሁ ሰው ሲመጣ “አይ፣ ግድ የለም” ብላችሁ አትመልሱት። በወረቀታችሁ ላይ ሦስተኛው ስም የሚጻፈው እንደዚያ ነው።